ጉልበት ብቻውን አይበቃም፦ የ1968ቱ ሙስታንግና ሚያታ

በሰሜን ቨርጂኒያ በምሠራበት ጋራዥ ውስጥ ሰሞኑን ሁለት መኪኖች ጎን ለጎን ቆመዋል። አንደኛው የ1968 ፎርድ ሙስታንግ ጂቲ 390 ነው። ኮፈኑ ሲከፈት ሞተሩ ግራና ቀኙን ሞልቶ፣ እጅ ማስገቢያ አሳጥቶ ይታያል። ሁለተኛዋ የ2019 ማዝዳ ሚያታ ናት፤ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ የሸራ ጣሪያዋ ከመቀመጫ ሳይነሱ በአንድ እጅ የሚታጠፍ ትንሽ መኪና። ከእኔ ጋር ሙያውን የሚማረው ወጣት የሁለቱን መረጃ አስተያይቶ ካነበበ በኋላ ግንባሩን ቋጥሮ መጣ።

«ጋሼ፣ ይሄ ነገር ልክ አይመስልም። ሙስታንጉ 325 የፈረስ ጉልበት አለው፣ እሷ 181። ታዲያ እንዴት ብላ ነው የምትቀድመው?»

«ወረቀቱ አልዋሸም፤ ሁሉን ግን አልነገረህም» አልኩት። «በል ጎማቸውን አውልቅና አብረን እንይ።»

የልጁ ጥያቄ የብዙ ሰው ጥያቄ ነው። ሙስታንጉ ከቆመበት ተነስቶ በሰዓት 60 ማይል፣ ማለትም 97 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ለመድረስ ወደ 7 ሰከንድ ይወስድበታል። ሚያታዋ ከ6 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ትደርሳለች። የሙስታንጉ ሞተር 6.4 ሊትር ነው፤ የእሷ 2 ሊትር። በሲሊንደር ብዛት 8 ለ4 ነው። መኪና የሚወዱ ወገኖቻችን፣ በተለይ እዚህ አሜሪካ ያደጉ ልጆቻችን፣ መኪናን በፈረስ ጉልበት ብቻ ሲመዝኑ ስለምሰማ ይህን ጉዳይ ከሥሩ ማስረዳት እፈልጋለሁ።

እኔ ሙያውን የተማርኩት አዲስ አበባ፣ ቮልስ በሚጠገንበት ጋራዥ ነው። ካርቡሬተር ማጠብ፣ ካንዴላ አውጥቶ ቀለሙን ማንበብ፣ እሳት ማስተካከል እዚያ ነው እጄ የገባው። ቨርጂኒያ ስመጣ ኮምፒውተር የሌላቸውን አሮጌ የአሜሪካ መኪኖች ደፍሮ የሚነካ መካኒክ እያነሰ ነበርና ያ የቮልስ ትምህርት እንጀራ ሆነኝ። ከዚያ ወዲህ አሮጌውንም አዲሱንም እየፈታሁ እገጥማለሁ። በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የአሜሪካ ወጣቶች መኪና

አሜሪካውያን «መስል ካር» የሚሉት መካከለኛ መጠን ባለው ተራ የቤተሰብ መኪና ውስጥ ትልቅ የቪ8 ሞተር ተከቶ፣ ወጣት ሠራተኛ በሚችለው ዋጋ የተሸጠውን ነው። ጉልበቱ የሚሄደው ወደ ኋላ እግር ነው። ብዙዎች የዚህን ዘመን መጀመሪያ ከ1964ቱ ፖንቲያክ ጂቲኦ ይቆጥራሉ። በዚያን ጊዜ የፖንቲያክ ዋና መሐንዲስ የነበረው ጆን ዴሎሪያን ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ያደረገው ነገር ቀላል ነበር። የፖንቲያክ ባለቤት የሆነው የጄኔራል ሞተርስ ውስጣዊ ደንብ መካከለኛ መኪኖች ከ330 ኪዩቢክ ኢንች፣ ማለትም ከ5.4 ሊትር ገደማ፣ የበለጠ ሞተር እንዳይገጠምላቸው ይከለክል ነበር። እነሱ ግን 389 ኪዩቢክ ኢንቹን ሞተር እንደ አዲስ መኪና ሳይሆን ቴምፔስት በተባለው መካከለኛ መኪናቸው ላይ ገዢው ጨምሮ እንደሚያዝዘው ተጨማሪ ዕቃ አድርገው አቀረቡት። ኩባንያው 5,000 ቢሸጥ ይበቃል ብሎ ነበር፤ በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ32,000 በላይ ተሸጠ።

ጊዜውም ረድቷቸዋል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተወለደው ብዙ ሕዝብ መንጃ ፈቃድ የሚያወጣበት ዕድሜ ላይ ደርሶ ነበር። አንድ ጋሎን ቤንዚን 30 ሳንቲም አካባቢ ነበር። በ1956 መሠራት የጀመረው የፌዴራል አውራ ጎዳና ከከተማ ከተማ ቀጥ ብሎ ተዘርግቷል።

ሙስታንግ የወጣው ሚያዝያ 17 ቀን 1964 በኒው ዮርክ የዓለም ኤግዚቢሽን ላይ ነው። መነሻ ዋጋው 2,368 ዶላር ነበር። በመጀመሪያው ቀን ብቻ 22,000 ያህል ሰው አዘዘ፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላ አንድ ሚሊዮንኛው ተመረተ። መጀመሪያ ላይ ሙስታንግ ጉልበተኛ መኪና አልነበረም፤ ከሥሩ ሲታይ ፎርድ ፋልከን የተባለው ርካሽ የቤተሰብ መኪና ነው። በ1967 አካሉን አስፍተው 390 ኪዩቢክ ኢንቹን ሞተር ሲያስገቡበት ግን ከነፖንቲያክ ጎራ ገባ።

ስሙን በዓለም ያስጠራው ደግሞ በ1968 የወጣው «ቡሊት» የተባለው ፊልም ነው። ስቲቭ ማክዊን በአረንጓዴው ሙስታንግ ጂቲ 390 ጥቁር ዶጅ ቻርጀርን በሳን ፍራንሲስኮ ዳገትና ቁልቁለት ሲያሳድድ የሚታይበት ክፍል ከአሥር ደቂቃ በላይ ይረዝማል። ማክዊን የነዳውን መኪና በ1974 በ6,000 ዶላር የገዛ አንድ ቤተሰብ ለብዙ ዓመታት ይዞት ቆየ። በጥር 2020 ፍሎሪዳ ውስጥ በጨረታ ሲሸጥ ወደ 3.7 ሚሊዮን ዶላር አወጣ።

ከቀላልነት የተወለደች

ስፖርት መኪና ከሌላ ሐሳብ ነው የመጣው። በእንግሊዝ አገር ኤምጂ፣ ትራያምፍና ሎተስ ሲሠሩት የነበረው ትንሽ፣ ቀላል፣ ጣሪያው የሚከፈት፣ ጠመዝማዛ መንገድ የሚወድ መኪና ነው። እነዚህ መኪኖች ዘይት ያፈስሱ፣ ኤሌክትሪካቸውም ያስቸግር ነበር፤ ኤምጂቢ በ1980 መመረቱ ሲያበቃ ገበያው ባዶ ቀረ። ቦብ ሆል የተባለ አሜሪካዊ የመኪና ጋዜጠኛ ለማዝዳው ኬኒቺ ያማሞቶ እንዲህ ያለ ቀላል መኪና የሚሠራ ሰው መጥፋቱን ነግሮት ነበር። ሐሳቡ አድጎ በየካቲት 1989 በቺካጎ የመኪና ትርዒት ላይ ሚያታ ቀረበች። የመጀመሪያዋ ሚያታ 1.6 ሊትር ሞተርና 116 የፈረስ ጉልበት ነበራት፤ ክብደቷ አንድ ቶን አይሞላም። በሚያዝያ 2016 አንድ ሚሊዮንኛዋ ተመረተች። በዓለም ከሁሉም በላይ የተሸጠች ባለሁለት መቀመጫ ስፖርት መኪና እሷ ናት።

በጋራዣችን ያለችው አራተኛው ትውልድ ናት። ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ የአየር ከረጢትና የመረጋጊያ ኮምፒውተር ሁሉ ተጨምሮባትም 1,060 ኪሎ ገደማ ብቻ ትመዝናለች። ይህን ቁጥር ልብ በሉልኝ፤ የልጁ ጥያቄ መልስ ግማሹ እዚህ ውስጥ ነው።

325 የተባለው ጉልበት የት ሄደ?

እስከ 1971 ድረስ የአሜሪካ ፋብሪካዎች የሞተር ጉልበት የሚለኩት ሞተሩን ከመኪናው አውጥተው መሞከሪያ ላይ አስረው ነበር። የአየር ማጣሪያ አይገጠምለትም፤ ማርሚታ የለውም፤ ዲናሞ አይጎትትም። ከ1972 ጀምሮ ግን ልኬቱ ሞተሩ መኪና ላይ እንደሚሠራው፣ ሙሉ ዕቃውን እንደያዘ ሆነ። የ1971 ኮርቬት መደበኛው ሞተር በወረቀት 270 የፈረስ ጉልበት ነበረው፤ በ1972 ያው ሞተር 200 ተብሎ ተሸጠ። አንድም ብሎን ሳይፈታ 70 ፈረስ ከወረቀቱ ላይ ጠፋ ማለት ነው። የሙስታንጉ 325 የተለካው በአሮጌው መንገድ ነው፤ የሚያታዋ 181 በአዲሱ። ስለዚህ ሁለቱን ቁጥሮች እንዳሉ ማነጻጸር ብርን ከዶላር ጋር ሳይመነዝሩ እንደ መደመር ነው።

ሁለተኛው ነገር ክብደት ነው። ሙስታንጉ ከ1,500 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ሞተሩ ብቻውን፣ ብሎኩም ቴስታታውም ብረት ስለሆነ፣ ወደ 300 ኪሎ ይደርሳል፤ ይህ ሁሉ ክብደት የፊት እግሮች ላይ ነው ያረፈው። ጉልበቱን መሬት ላይ ማሳረፍ ያለባቸው ግን የኋላ እግሮች ናቸው። ነዳጅ ሲረገጥ ከኋላ ቀለል ያለው መኪና ጎማው ባለበት ይሽከረከራል፣ ይጮኻል፣ ያጨሳል። ያ ጭስ በፊልም ሲያዩት ያምራል፤ ለመካኒክ ግን ወደፊት መሄድ ሲገባው ወደ ሙቀት የተለወጠ ጉልበት ነው። ሚያታዋ ክብደቷን ከፊትና ከኋላ ግማሽ በግማሽ ያህል ስለተካፈለች የተሰጣትን ታሳርፈዋለች።

ሦስተኛው ራሱ ጎማው ነው። በ1968 ሙስታንጉ ከፋብሪካ የወጣው የውስጥ ክሩ በሰያፍ በተጠላለፈ ጎማ ነበር። ዛሬ ሁሉም መኪና የሚጫማው ራዲያል ጎማ ነው። በሰያፍ የተሠራው ጎማ መኪናው ሲታጠፍ ከአስፋልቱ ጋር ያለው ግንኙነት ይቀንሳል፤ ራዲያሉ ግን ፊቱ እንደተዘረጋ ይቆያል። ደንበኞቼ ሙስታንግ ይዘው ሲመጡ ሁልጊዜ የማቀርበው የመጀመሪያ ምክር ጥሩ ራዲያል ጎማ እንዲያስገጥሙ ነው። የሚያወጡት ገንዘብ ሞተር ላይ ከሚያወጡት በብዙ ያንሳል፤ የሚያገኙት ግን ይበልጣል።

ለሙስታንጉ ፍትሕ መስጠትም ያስፈልጋል። ሞተሩ በደቂቃ 3,200 ዙር ብቻ እየተሽከረከረ 427 ፓውንድ ጫማ የመጎተት ኃይል ይሰጣል። ሚያታዋ 151 ብቻ ነው ያላት፤ ሙሉ ጉልበቷንም ለማግኘት እስከ 7,000 ዙር ማስጮህ ግድ ነው። አንድ ትልቅ ሰው ከነጓዙ ጭነው ዳገት ሲወጡ ሙስታንጉ ማርሽ መቀነስ አያስፈልገውም፤ ነዳጅ ትንሽ ነካ ሲያደርጉት ከሆዱ ያጉረመርምና ይወጣል። ያንን ጉትት የቀመሰ ሰው አይረሳውም።

በእጅ የሚሰማ ሞተር

ሙስታንጉን በጠዋት ብርድ ማስነሳት የራሱ ሥርዓት አለው። ነዳጁን ሁለት ጊዜ እስከ ታች ትረግጣለህ፤ ካርቡሬተሩ ቤንዚን ይረጫል፣ ቾኩም ይዘጋል። ቁልፉን ስታዞር ሞተሩ ያቃስታል፣ ሁለት ሲሊንደር ይይዛል፣ ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይነሳል። የተቃጠለና ያልተቃጠለ ቤንዚን ሽታ ጋራዡን ይሞላዋል። እስኪሞቅ ድረስ ሚኒሞው ከፍ ዝቅ ይላል፤ መሪው ላይ የተቀመጠ እጅ እያንዳንዱን ፍንዳታ ይቆጥረዋል።

እሳቱን የሚያከፋፍለው በዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ያለች ትንሽ መገናኛ ናት። ስትዘጋ ቦቢናው ይሞላል፤ ስትከፈት ካንዴላው ላይ እሳት ይዘላል። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ዙር ሲሽከረከር ይህቺ መገናኛ በደቂቃ 12,000 ጊዜ ትከፈታለች። ክፍተቷ ግማሽ ሚሊ ሜትር አይሞላም። ስስ የብረት ምላስ አስገብቼ፣ ሳይላላ ሳይጠብቅ ቅባት የተቀባ ያህል ሲንሸራተት ልክ መሆኑን በጣቴ አውቃለሁ። ቀጥሎ ብልጭ ድርግም የሚለውን መብራት ከፊት ፑሊው ምልክት ላይ እያበራሁ ዲስትሪቢዩተሩን በእጄ ትንሽ ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ አዞራለሁ። ልክ ሲመጣ የሞተሩ ድምፅ ይለሰልሳል። ይህን ለተማሪዬ ሳሳየው ዓይኑ የበራበትን ሁኔታ ማየት ደስ ይል ነበር፤ የሚሠራውን ነገር ምክንያትና ውጤት በአንድ ቦታ አየዋ!

ሚያታዋ ላይ ይህ ሁሉ የለም። እያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱ ቦቢና አለው፤ ቤንዚኑ በቀጥታ ሲሊንደሩ ውስጥ ይረጫል፤ ኮምፒውተሩ እሳቱን በየዙሩ ያስተካክላል። በብርድ ጠዋት አዝራር ሲጫኑ ወዲያው ትነሳለች። የሚያታዋ ሞተር አየርና ቤንዚኑን 13 ለ1 አፍኖ ነው የሚያቃጥለው፤ በ1968 እንዲህ ያለውን አፈና ለመንገድ መኪና ማሰብ አይቻልም ነበር። ሞተሩ ያለ ጊዜው በተቃጠለ ቤንዚን ይደበደባል። ዛሬ የሚቻለው ኮምፒውተሩ ያንን ድብደባ ገና ሲጀምር ሰምቶ እሳቱን ወደ ኋላ ስለሚመልሰው ነው። ውጤቱ ነዳጅ ላይ ይታያል፦ ሚያታዋ በአማካይ በአንድ ጋሎን 29 ማይል ትሄዳለች፤ ሙስታንጉ በከተማ ውስጥ 12 ማይል ከሄደ ባለቤቱ ማመስገን አለበት።

ሲበላሽስ? ከ1996 ጀምሮ በአሜሪካ የተሸጠ መኪና ሁሉ ከመሪው ሥር አንድ ዓይነት የመመርመሪያ ሶኬት እንዲኖረው ግድ ሆኗል። መሣሪያዬን እሰካለሁ፣ ኮምፒውተሩ የታመመውን ቦታ ይጠቁመኛል። ጠቆመ ማለት ግን ጨረሰ ማለት አይደለም፤ በቮልስ ጋራዥ የተማርኩት ጆሮና አፍንጫ ዛሬም ያስፈልገኛል። ወጣት መካኒኮችን የምመክረው ይህንኑ ነው፦ አሮጌውን ሞተር ተማሩ፤ አዲሱ ሲናገር የሚናገረው ይገባችኋል።

መቆም መቻል

ያን ቀን ተማሪዬ የሁለቱንም ጎማ ሲያወልቅ ያሳየሁት ዋናው ነገር ፍሬኑ ነው። የ1968 ሙስታንግ ከፋብሪካ ሲወጣ መደበኛው በአራቱም እግር ታምቡር ፍሬን ነበር፤ ከፊት ዲስክ የሚፈልግ ተጨማሪ ይከፍላል። ታምቡር ፍሬን ሸራውን ከውስጥ ወደ ውጭ ገፍቶ ነው የሚይዘው። ቁልቁለት ላይ ደጋግመው ሲረግጡት ታምቡሩ ይግላል፣ በሙቀቱ ይሰፋል፣ ከሸራው ይርቃል። እግርዎ ወደ ታች እየሰመጠ መኪናው ግን መቆሙን ይተዋል። ውኃ ሲገባበት ደግሞ አንዱ እግር ይይዝና ሌላው ይለቃል፤ መኪናው ወደ አንድ ወገን ይጎትታል።

ሚያታዋ በአራቱም እግር ዲስክ ናት። ዲስኩ ለነፋስ የተጋለጠ ስለሆነ ቶሎ ይበርዳል። በድንገት ቢረግጡት ኮምፒውተሩ ጎማው እንዳይቆለፍ ፍሬኑን በሰከንድ ብዙ ጊዜ ይለቅና ይይዛል፤ ሹፌሩ እየረገጠም መሪውን ማዞር ይችላል። በሰዓት ከ97 ኪሎ ሜትር እስከ መቆም 35 ሜትር ገደማ ይበቃታል።

ይህን ልዩነት በደንብ የሚያሳየው ከእኛ በስተ ምዕራብ ያለው ስካይላይን ድራይቭ ነው። በሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ተራሮች ጀርባ ላይ 105 ማይል የሚጠማዘዝ መንገድ ሲሆን የፍጥነት ወሰኑ በሰዓት 35 ማይል ብቻ ነው። ሙስታንጉን ጠግኜ እዚያ ስሞክረው በእያንዳንዱ ኩርባ መሪውን ብዙ ማዞር አለብኝ፤ አፍንጫው ወደ ውጭ መሄድ ይፈልጋል፤ የኋላው በባሌስትራ የተሸከመ ወጥ አክሰል ስለሆነ አንዱ ጎማ ጉድጓድ ሲያገኝ ሌላውም ይነቃነቃል። በቁልቁለቱ ፍሬን ላይ ብቻ አልተማመንም፤ ማርሽ ቀንሼ በሞተሩ አግዘዋለሁ። በሚያታዋ ያንኑ መንገድ ሳልፍ እያንዳንዱ እግር ለብቻው ይሠራል፣ መሪውን ትንሽ ስነካው ትዞራለች። በዚያ የተወሰነ ፍጥነት እንኳን መንዳት ደስታ ነው፤ ሙስታንጉ ደስ የሚለው ግን ወደዚያ በሚወስደው ሰፊ አውራ ጎዳና ላይ ነው። ሁለቱ መኪኖች የተሠሩት ለሁለት ዓይነት መንገድ ነው።

ሕይወትን የሚመለከተው ልዩነት

እስካሁን ያልኩት የጣዕም ጉዳይ ሊመስል ይችላል። ይህኛው ግን የሕይወት ጉዳይ ነው። ከጥር 1968 ጀምሮ በአሜሪካ የሚሸጥ የቤት መኪና የደህንነት ቀበቶ እንዲኖረው የፌዴራል ሕግ ግድ አለ፤ ስለዚህ ሙስታንጉ ቀበቶ አለው። የአየር ከረጢት ግን የለውም፤ አካሉም ግጭትን ቀስ በቀስ እንዲውጥ ታስቦ አልተሠራም። የነዳጅ ታንኩ የላይኛው ገጽ ራሱ የኋላ ሻንጣው ወለል ነው። የሻንጣውን ምንጣፍ ሳነሳ ታንኩን በእጄ እነካዋለሁ።

«የድሮ መኪና ብረቱ ወፍራም ነው፣ ያድናል» የሚሉ ብዙ ናቸው። በ2009 የአሜሪካ የአውራ ጎዳና ደህንነት ኢንሹራንስ ኢንስቲትዩት የ1959 ሼቭሮሌ ቤል ኤርንና የ2009 ሼቭሮሌ ማሊቡን በሰዓት 40 ማይል ፊት ለፊት አጋጭቶ ነበር። የአሮጌው መኪና የሹፌር ቦታ ተጨፍልቆ ገባ፤ በውስጡ የነበረው አሻንጉሊት ሰው ቢሆን ኖሮ ይሞት ነበር። በአዲሱ ውስጥ የነበረው ላይ ግን ከእግር አካባቢ ቀላል ጉዳት በስተቀር የታየ ነገር የለም። በአገሪቱ መንገዶች ላይም ያው ነው፦ በ1968 በየመቶ ሚሊዮን ማይሉ ከ5 በላይ ሰው ይሞት ነበር፤ በቅርብ ዓመታት 1.3 ገደማ ነው። ይህን ለውጥ ያመጡት ቀበቶ፣ አካል፣ ጎማ፣ ፍሬን፣ ሕግና መንገድ አንድ ላይ ሆነው ነው።

ዘመኑ እንዴት አለፈ?

የመስል ካር ዘመን ብዙ አልቆየም። የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ወጣት ለሚነዳው ጉልበተኛ መኪና ክፍያውን ከፍ አደረጉ። በ1970 የአየር ንጽሕና ሕግ ጸደቀ፤ ፋብሪካዎች የሞተር አፈናን ቀነሱ። በጥቅምት 1973 የዓረብ አገሮች የነዳጅ ማዕቀብ ሲጥሉ ቤንዚን ማደያ ላይ ረጅም ሰልፍ ሆነ። የ1974ቱ ሙስታንግ ቪ8 ጨርሶ አልነበረውም፤ መነሻ ሞተሩ 88 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነበር። ዛሬ ሙስታንግ ወደ 480 የፈረስ ጉልበት የሚሰጥ ባለ5 ሊትር ቪ8 ይዞ ይሸጣል፤ ፍሬኑና ጎማው ግን እንደ ስፖርት መኪና ናቸው። የዶጅ ቻሌንጀርና የሼቭሮሌ ካማሮ ምርት ግን በታኅሣሥ 2023 ቆሟል።

የክብደት ትምህርት አዲስ አበባ ላይም ይሠራል። ከ2024 ጀምሮ ኢትዮጵያ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ስለከለከለች የኤሌክትሪክ መኪና በየሰፈሩ እየታየ ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር ጉልበቱን ከመጀመሪያዋ ቅጽበት ጀምሮ ይሰጣል፤ ባትሪው ደግሞ ከባድ ነው። ከባድና ፈጣን መኪና ከሁሉም በፊት ጥሩ ጎማና ጥሩ ፍሬን ይፈልጋል። የሙስታንጉ ችግር በሌላ መልክ ተመልሶ እንዳይመጣ ባለቤቶች ከአሁኑ ይወቁት።

የትኛውን ልግዛ?

ይህን የሚጠይቁኝ ብዙ ናቸውና ሐሳቤን ሳልሸሽግ እናገራለሁ። በየቀኑ ለመንዳት፣ ኩርባ ላይ ለመደሰት፣ ዝናብ ሲዘንብ ሳይሰጉ ወደ ሥራ ለመሄድ ሚያታዋ በማንኛውም መለኪያ የተሻለች መኪና ናት። ፈጣን ናት፣ ትቆማለች፣ ነዳጅ ትቆጥባለች፣ ብትጋጭም ታድናለች። ሙስታንጉን የምመክረው አንድን ዘመን በእጁ ለመያዝ፣ ለመጠገን፣ ለልጁ ለማስተማር ለሚፈልግ ሰው ነው። በደህና ሁኔታ ያለ ጂቲ 390 ዛሬ ከአዲስ ሚያታ ዋጋ በእጅጉ ይበልጣል፤ ገዢው ዋጋውን ከፍሎ ሲያበቃ ጥገናው ገና ይጀምራል።

በቨርጂኒያ 25 ዓመት የሞላው መኪና የጥንታዊ መኪና ታርጋ ማውጣት ይችላል፤ ከዓመታዊ የደህንነት ምርመራም ነፃ ይሆናል። መንግሥት አይመረምረውም ማለት የሚመረምረው ባለቤቱ ነው ማለት ነው። ስለዚህ አሮጌ ጉልበተኛ መኪና የገዛችሁ ሁሉ፣ የመጀመሪያውን ገንዘባችሁን ሞተር ላይ አታውጡ። ከፊት ዲስክ ፍሬን አስገጥሙ፤ ጎማውን በጥርሱ ብቻ ሳትፈርዱ የተመረተበትን ዓመት አንብቡ፤ የፍሬን ቱቦዎቹን፣ የነዳጅ መስመሩንና ቀበቶውን አስቀይሩ። ሞተሩ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።